ሽታዬ የማትቆርጠው አጋም

ሽታዬን የማያውቃት ሰው ቢኖር አጥር የሌለው ሰው ነው። ከላሊበላ በላይ ባሉት መንደሮች በረቱን የሚያጥር፣ የጎመን መደቡን ከፍየል የሚከልል፣ ለገብስ ክምሩ ከብት እንዳይገባበት የሚሰጋ ሁሉ «ሽታዬን ጥሯት» ይላል። እሷም ማጭዷን ወገቧ ላይ ሻጥ፣ ባላዋን ትከሻዋ ላይ ጋደም አድርጋ ትመጣለች። ጭንጫው ላይ ወጥታ አጋሙን ትቆርጣለች። የቆረጠችውን በባላ እየተጫነች ታነባብራለች፤ በጠፍር ታስርና ቁልቁል እየጎተተች ታወርደዋለች። ስትጎትት ከኋላዋ የሚነሳውን አቧራ ከሩቅ ያየ ሰው መንጋ የሚነዳ ይመስለዋል። ለድካሟ አንዱ ገብስ ይሰፍርላታል፣ አንዱ ባቄላ ይሰጣታል፣ አንዱ ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በሩን ይዘጋል። ከማንም ጋር አትከራከርም። ለክርክርም ጉልበት ያስፈልጋል።

መዳፏ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። ጣቶቿ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ እሾህ ጠፍቶ አያውቅም። ከሥራ ስትመለስ ልጇ ብርቄ በወረንጦ ትፈልግላታለች።

«እማዬ፣ ይኼኛው ጠልቋል፣ አይወጣም።»

«ተዪው፣ ራሱ መንገዱን ያገኛል» ትላለች ሽታዬ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና።

ሥራው የባሏ የታፈረ ነበር። ታፈረ አብዮቱ ገና ትኩስ ሳለ ለሚሊሻ ተመልምሎ፣ ከመንደሩ ወንዶች ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ምሥራቅ ግንባር ሄደ። ያኔ ብርቄ እግሯ ገና መጽናቱ ነበር፤ ሽታዬም ሁለተኛዋን አርግዛ ነበር። «ወንድ ከሆነ አጥር ቆራጭ እንዳታደርጊው» አላት እየሳቀ። «ሴት ከሆነችስ?» ብትለው፣ «ሴት አጥር ትቆርጣለች እንዴ!» ብሎ ይበልጥ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የመጣ ወሬ የለም። ሞተ ያላት የለም፤ አለ ያላትም የለም። ስለዚህ ለቅሶም አልተቀመጠችም። ማጭዱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ቆየና አንድ ቀን ራሷ አወረደችው።

ልጅቱ የተወለደችው በክረምት ነው። ትንሽ ነበረች፤ ጡትም በደንብ አልያዘችም። ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም። ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው፣ ለቀስተኛ አይሰበሰብለት። ነገሩን የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። ያዋለደችው ሴት በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ትወጣለች። ጭንጫው ላይ አጋም ሥር ታስቀምጣለች፤ ጅብ እንዳይቆፍር ድንጋይ ትከምራለች፤ በድንጋዩ ላይ እሾህ ትጥልበታለች። ተመልሳ እጇን ትታጠባለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አይወራም። እናትየዋ ግን ያችን አጋም በልቧ ታውቃታለች። ፍሬዋን አትለቅምም። ሌሎች ሲለቅሙ ካየችም ሰበብ ፈጥራ ትከለክላለች፤ «ትል አለበት» ትላለች፣ «እባብ አይቼበታለሁ» ትላለች። የሚሰማት ሴት ሁሉ ገብቷት ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች።

ያን ቀን ሽታዬ አራስ ነበረችና ከቤት መውጣት አልቻለችም። ሕፃኗን ይዘው የወጡት ያዋለዷት ፈትለወርቅ ናቸው፤ ያኔ ገና አልመነኮሱም። ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«የት አደረጓት?» አለቻቸው ከተኛችበት መደብ።

በአገጫቸው ወደ ጭንጫው አመለከቱ። «ያውልሽ፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ አጠገብ፣ ያች አጋም ሥር።»

ሽታዬ በክርኗ ቀና ብላ በበሩ ተመለከተች። ጠፍጣፋው ድንጋይ ይታያል፤ አጠገቡ አንዲት አጋም ብቻዋን ቆማለች። አየቻት። በቃ፣ በልቧ ያዘቻት።

አጥር ቆራጭ ከሆነች በኋላም ያችን አንዷን ማጭዷ ነክቷት አያውቅም። ሌሎቹ አጋሞች በየዓመቱ እየተላጩ አጭር ሆነው ሲቀሩ ያች ብቻ እንደ ጎጆ ሰፋች። ስታብብ ሽታው እታች መንገድ ድረስ ይወርዳል። «ምነው ይኼንን ትተሽ የደቀቀውን ትቆርጫለሽ?» ሲሏት «የሱ እንጨት ማጭድ ይሰብራል» ትላለች። እያለፈች ታያታለች፤ አንዳንዴም ሸክሟን አውርዳ ጥላዋ ውስጥ ታርፋለች። የምትለው ነገር ኖሮ አይደለም። ቁጭ ትላለች፣ ትነሳለች።

ሰባ ሰባት መጣ። ዝናቡ ቀረ፣ ማሳው ነደደ፣ በሬ የነበረው በሬውን በላ። ጭንጫው ላይ ያለው አጋም ግን ከድንጋዩ ውስጥ ምን እንደሚጠባ እንጃ፣ ያን ዓመትም አፈራ። ፍሬው እንደ ወትሮው ወፍራም አልነበረም፤ ግን መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ሽታዬ ብርቄን እየያዘች ትወጣና በፍየሎቹ መንገድ ዳር ያሉትን ዝቅ ዝቅ ያሉትን አጋሞች ትለቅምላታለች። የልጅቱ ከንፈር በፍሬው ወተት እየተጣበቀ፣ አፏ እንደ ቀለም ጠቁሮ ይውላል። የእርዳታው ስንዴ እስኪደርስ ያቆያቸው ያ ነው። ትልቋን አጋም ግን ያኔም አልነኳትም። የሌላ ቤት ልጆች ሊለቅሙ ሲመጡ ሽታዬ፣ ቆማ መሄድ እያቃታት እንኳ፣ «እባብ አለ!» ብላ ጮኸችባቸው።

ረሃቡ ካለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ ምግብ ለሥራ መጣ። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ከጭንጫው እየወረደ የታቹን ማሳ አፈር ይወስደው ነበርና፣ የገበሬ ማኅበሩ እርከን ይሠራበት ብሎ ወሰነ። የሠራ ሰው ስንዴና ዘይት ያገኛል። መንደሩ ሁሉ ዶማውን ይዞ ወጣ። ሽታዬም ወጣች። ከአጥር መቁረጥ አይብስም፣ እህሉም የታወቀ ነው ብላ ነበር።

የሥራ መሪው ጋሻዬ የሚባል፣ ከፍላቂት የመጣ ወጣት ነው። ሁለት ዘንግ፣ አንድ ሲባጎና ውሃ ልክ ይዞ ከጎን ወደ ጎን እየሄደ እርከኑ የሚያልፍበትን ይለካል፤ በለካበት ችካል ይተክላል። አንድ ጠዋት ያ ሲባጎ የጠፍጣፋውን ድንጋይ አናት ነክቶ ቀጥ ብሎ ትልቋ አጋም ውስጥ ገባ። ጋሻዬ ጎንበስ ብሎ ችካሉን ግንዷ ሥር መታው።

ሽታዬ ድንጋይ አቅፋ ነበር። አስቀመጠችው።

«ጋሻዬ፣ ይኼን ችካል ትንሽ ወደ ላይ ብታደርገውስ?»

«የት ላይ?»

«ከአጋሟ በላይ።»

«እትዬ ሽታዬ፣ እኔ እሺ ብልሽ ውሃው እሺ አይልም። እርከን አንድ ቦታ ከፍ፣ አንድ ቦታ ዝቅ ካለ ውሃው ዝቅ ባለው በኩል ይሰብረውና የታቹን ማሳ ይዞት ይሄዳል።»

«እንግዲያ ወደ ታች አድርገው።»

«ያው ነው።»

ጎረቤቷ ጀውሀራ ዶማዋን ተደግፋ ትሰማ ነበር። ባሏ ሸማኔ ነው፤ ከሙጃ በኩል መጥተው ከሽታዬ ቤት አጠገብ ከሰፈሩ ቆይተዋል። ረሃቡን አብረው አሳልፈዋል፤ የጀውሀራ ሰውነት ያኔ እንደከሳ ቀረ፣ አፏ ግን አልከሳም።

«ወላሂ ይኼ ሲባጎህ ዓይን የለውም» አለችው። «ይኼ ሁሉ ባዶ ድንጋይ እያለ እሾህ ውስጥ ይዞን ይገባል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ጋሻዬም ሳቀ።

«እትዬ ሽታዬ እያለችላችሁ እሾህ ትፈራላችሁ? ይኼን እኮ እሷ በአንድ ጠዋት ታነሳዋለች።»

«አላነሳውም» አለች ሽታዬ። «ማንም አያነሳውም።»

ይህን ብላ አጋሟ ሥር፣ ችካሉ አጠገብ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ቁጭ ብሎ ስንዴ የለም» አላት ጋሻዬ።

«ይቅርብኝ።»

«ሊቀ መንበሩ ቢሰሙ ሥራ አደናቀፈች፣ አድኃሪ ናት ይላሉ። ለአንቺም ለእኔም አይበጅም።»

«አድኃሪ ብትሆን ኖሮ ጫማ ይኖራት ነበር» አለች ጀውሀራ።

ጋሻዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ችካሉን ነቅሎ ግን ሊተው አይችልም። ሠራተኞቹን ወደ ላይኛው እርከን አሻገራቸውና እሷን እዚያው ትቷት ሄደ። ሽታዬ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ምክንያቱን እንዳትነግረው ሰውየው ወንድ ነው፣ ወጣት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለወንድ ተነግሮ አያውቅም፤ ታፈረ ራሱ ቢኖር በምን ቃል እንደምትነግረው አታውቅም ነበር።

ለምሳ ሲያርፉ ጀውሀራ ቆሎ ይዛ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። ጥቂት ቆርጠም ቆርጠም አደረጉ።

«እታለም» አለቻት ቀስ ብላ፣ «እዚህ ማን አለሽ?»

ሽታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ብዙም አልተናገረችም። «ልጅ ነበረችኝ» አለች። «ታፈረ ከሄደ በኋላ የተወለደች። ክርስትና አልተነሳችም።»

ጀውሀራ ቆሎውን አስቀመጠች። «ያረቢ። ማን ነው ያመጣት?»

«እማሆይ ፈትለወርቅ።»

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ፤ ታች ላሊበላ፣ መነኮሳቱ ጋ ናቸው።»

«እንግዲያ ይምጡና ይናገሩ። ለጋሻዬ አንቺ ብትነግሪው ያፍራል፣ አንቺም ታፍሪያለሽ። መነኩሲት ሲናገሩ ግን አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አብሽሪ፣ ይኼን ለኔ ተዪው።» ተነስታ ጋሻዬን ወደ ጎን ጠራችው። ምን እንዳለችው ሽታዬ አልሰማችም፤ ብቻ ሰውየው አንዴ ወደ አጋሟ አንዴ ወደ መሬት አየና «እስከ ነገ እቆያለሁ፤ ከነገ ወዲያ ግን በኔ እጅ አይደለም» አለ።

ሽታዬ በማግስቱ ማለዳ ወርዳ እማሆይን ከጎጇቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ዓይናቸው ደህና ነው፤ የከዳቸው ጉልበታቸው ነው። የመጣችበትን ነገረቻቸው። ብዙ አልጠየቁም። ቆባቸውን አስተካክለው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። ሜዳውን በእግራቸው ሄዱ። ዳገቱ ሲጀምር ቆሙ፤ ሽታዬ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

«ከአጋም ሸክም እቀላለሁ ወይስ እከብዳለሁ?» አሏት ከታዘሉ በኋላ።

«ይከብዳሉ እማሆይ፤ ግን አይወጉም።»

«ድሮ ብታገኚኝ እወጋ ነበር» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ሽታዬ በየድንጋዩ እያረፈች አወጣቻቸው። ጭንጫው ላይ ሲደርሱ ላቧ በአንገቷ ይወርድ ነበር። ጋሻዬና ሠራተኞቹ ከላይኛው እርከን ላይ ሆነው አዩአቸው፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጀውሀራ ብቻዋን ወረደች።

ሽታዬ እማሆይን ትልቋ አጋም ፊት አወረደቻቸው። እሳቸው አጋሟን ከላይ እስከ ታች አዩ፤ ከዚያ ጠፍጣፋውን ድንጋይ አዩ፤ ከዚያ ዞረው ቁልቁል ወደ ሽታዬ ቤት አዩ።

«ልጄ፣ ይኼ አይደለም» አሉ።

«ምኑ?»

«ያኔ ያልኩሽ አጋም። እዚህ አልነበረም። ከድንጋዩ በታች ነው፣ በዚያ በኩል፣ መንገዱ ዳር።» በመቋሚያቸው አመለከቱ። የፍየሎቹ መንገድ ዳር፣ ዝቅ ያለች፣ የተላጨች አጋም።

«እርስዎ እኮ በአገጭዎ…» አለች ሽታዬ። «እኔ እኮ አየኋት። በበሩ አየኋት።»

«አንቺ ከመደብ ሆነሽ ነዋ ያየሽው። ከመደብ ላይ በሩ የሚያሳይሽ ይኼኛዋን ብቻ ነው። እኔ ደፉ ላይ ነበርኩ የቆምኩት። የኔ ዓይን ያየው ያችን ነው።» ትንሽ አሰቡ። «ድንጋዩን ጅብ እንዳይገለብጠው ብዬ የእንስራ አንገት ራስጌዋ ላይ ወሽቄያለሁ። ሂጂና እዪው።»

ሽታዬ ወረደች። የአጋሟን ቅጠል በእጇ ገለጥ አደረገችው። የእንስራው አንገት በድንጋዮቹ መሃል አለ፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቶ። ስንት ዘመን አይታዋለች። ሰው የጣለው ስብርባሪ ነው ብላ አንድ ጊዜ በእግሯ ገፋ ያደረገችውም እሷ ናት። ከግንዶቹ አንድም ያልተቆረጠ የለም፤ ሁሉም ላይ የማጭዷ ምልክት አለ። መንገድ ዳር ስለሆነች ለመጎተት ትቀላለች፤ ስለዚህ በየዓመቱ መጀመሪያ የምትቆርጠው ያችን ነበር።

መንገዱ ላይ ተቀመጠች። እማሆይ በጀውሀራ ክንድ ተደግፈው ደረሱባት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«ምን ብዬ ልጠይቅ!»

«እኔስ ምን ብዬ ልንገርሽ? ስትቆርጪ አላየሁሽም፤ እኔ ከዚህ ከሄድኩ ስንት ዘመኔ ነው።»

«ፍሬዋን በላናት፣ እማሆይ። በሰባ ሰባት። ብርቄ የኖረችው ከዚህች በልታ ነው። ያቺኛዋን እየጠበቅሁ፣ የሰው ልጅ እያባረርኩ፣ ከዚህች እኔ ራሴ ለቅሜ አበላኋት።»

ጀውሀራ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። እማሆይ ድንጋይ ፈልገው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ብርቄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲህ ምን ልበልሽ» አሉ እማሆይ። «የማላውቀውን አልነግርሽም። አሁን ደክሞኛል፤ ውሃ ካለ ስጡኝ።»

ጀውሀራ ቅሏን ፈታ አቀረበችላቸው። ጠጡ፤ ለሽታዬም አስተረፉላት። ሽታዬም ጠጣች።

ጋሻዬ ትንሽ ቆይቶ ወረደ። ለእማሆይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ሽታዬን አየት አደረጋት። ምን ሆኖ እንደነበር ማን እንደነገረው አይታወቅም፤ ገብቶት ነበር። «እትዬ ሽታዬ፣ ይህቺ የታችኛዋ ከመሥመሩ ውጭ ናት፤ አትነካም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺኛዋስ… ትነሳ?» አላት።

«ትነሳ» አለች።

ማጭዷንና ባላዋን ከቤት ይዛ ወጣች። ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈለገችም። አሁን አጋም ብቻ ናት፤ ሥሯ ድንጋይ እንጂ ማንም የለም። አንዱን ቅርንጫፍ በባላ ያዘች፣ ማጭዱን ከሥሩ አስጠጋች። ክንዷ ግን አልታዘዛትም። እንደገና ሞከረች። አንዲት ጥቁር ፍሬ ረግፋ እግሯ ላይ ወደቀች። ያን ሁሉ ዘመን ሸክሟን እያወረደች ያረፈችው እዚህ ጥላ ውስጥ ነበር።

«አምጪው» አለቻት ጀውሀራ ከኋላዋ፣ ማጭዱን ከእጇ ወስዳ። «ወላሂ እንዲህ ብታጥሪልኝ ኖሮ ገና ድሮ በጎቼ ባለቁ ነበር።» ቆረጠችው። አትችልበትም፤ እሾሁ ክንዷን ሁሉ ጫረው፤ እየተሳደበች፣ እየማለች፣ እንደምንም ጣለችው። ሠራተኞቹ በዶማ ሥሩን ነቀሉት። ከሥሩ አፈርና ድንጋይ ወጣ፤ ሌላ ነገር አልነበረም። ሽታዬ እስከ መጨረሻው ቆማ አየች።

ቅርንጫፉን ለማንም አልሰጠችም። ለምሳ ሲያርፉ እየጎተተች ወደ መንገዱ ዳር አወረደችው። በዝቅተኛዋ አጋም ዙሪያ ማጠር ጀመረች፤ የሰው በረት ስታጥር እንደምታደርገው ግንዱን ወደ ውስጥ፣ እሾሁን ወደ ውጭ አድርጋ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ እየጠለፈች። ከእንግዲህ ማጭድ አይገባባትም፣ ፍየልም አይደርስባትም። እማሆይ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ አንቀላፍተው ነበር።

አጥሩ ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ብርቄና ሁለት ጓደኞቿ ከምንጭ ሲመለሱ ደረሱ። እንስራቸውን አወረዱ።

«እማዬ፣ ልትዘጊያት ነው?» አለች ብርቄ። «ገና እኮ ፍሬ አላት! ከሁሉም የምትጣፍጠው ይህቺ ናት።»

ሽታዬ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ቁመቷ ረዝሟል፤ እግሮቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ የአጋም ጥቁረት አለ። እንግዲህ ዛሬም ሲወርዱ ከዚህችው በልተዋል። «እባብ አለ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አላወጣችውም።

የመጨረሻውን ቅርንጫፍ ከቦታው መልሳ ሳበችው። ከታች በኩል ሕፃን የሚያሾልክ ያህል ክፍት ተወች።

«በዚህ ግቡ» አለቻቸው። «ቅርንጫፍ እንዳትሰብሩ። የእንስራ አንገት ታያላችሁ፤ እሱን አትንኩት።»

«ለምን?» አለች ብርቄ።

«ሌላ ቀን እነግርሻለሁ።»

ልጆቹ በሆዳቸው እየተሳቡ ገቡ። ከውስጥ የቅጠል መንኮሻኮሽና ሳቅ ተሰማ። ጀውሀራ ክንዷን በምራቋ እያሸች አጥሩን ዞራ ተመለከተችው።

«አበላሸሽው እኮ» አለቻት። «በዚህ በኩል ፍየል ይገባል።»

«ይግባ» አለች ሽታዬ።

ላይ፣ ጋሻዬ ፊሽካውን ነፋ፤ ሰዉ ዶማውን እያነሳ ወደ እርከኑ መመለስ ጀመረ። ሽታዬ ለመነሳት መሬቱን በመዳፏ ተጫነች፤ መልሳ ተቀመጠች። ጀውሀራ እጇን ዘረጋችላት።